የክረምት ጉዞ ከልጆች ጋር፦ የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ስለ ቤተሰብ ጉዞ የደወላችሁልን ብዙ ናችሁ። የሕፃናት ጤናና የሥነ ልቦና ባለሙያዎቻችን ለአራቱ እንዲህ መልሰዋል።

ጥያቄ፦ የምደውለው ከሜሪላንድ ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ከ4 እና ከ9 ዓመት ልጆቼ ጋር አዲስ አበባ እገባለሁ። አምና ትንሹ በየዘመዱ ቤት እያለቀሰ፣ እኔም እያፈርኩ ከረምን።

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣ ለቅሶ ብዙውን ጊዜ የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። አሁን ባለው የ7 ሰዓት ልዩነት፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የልጅዎ ሰውነት ገና ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። ሰውነት በቀን የሚያስተካክለው አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ ለመልመድ አንድ ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ወደ ውጭ ያውጧቸው፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ወደ ጠዋት ያምጡት። በጠዋት ብርሃን ማግኘት ጥሩ ነው ቢባልም ገና በደረሱበት ቀን ማለዳ ከሆነ ሰውነታቸው ያ ብርሃን የማታ ስለሚመስለው መልመዱን ያዘገየዋል። የቀን እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ከቀኑ 10 ሰዓትም አይለፍ። ሌሊት ሲነቁ መብራት ሳያበሩ ውሃና ቁራሽ ዳቦ ይስጧቸው፤ ስልክ አይታሰብ።

ቀጥሎ ዘመድ ጥየቃው አለ። ከመሳፈርዎ በፊት ለቤተሰቡ ትልቅ ሰው ይደውሉና ነገሩን በእሳቸው አፍ ያስነግሩ፦ «ልጆቹ እስኪለምዱ ሦስት ቀን እንስጣቸው፤ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ሁላችሁም እኔ ቤት ኑ።» እርስዎ ሲሉት ኩራት የሚመስለው ከእሳቸው ሲመጣ ትእዛዝ ነው። ያኔ አሥር ቤት መዞር ቀረ ማለት ነው። ልቅሶ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ልጆቹን ለሚያውቁት ሰው ትተው ብቻዎን ይድረሱ።

ትንሹን «ሳማት! ሳመው!» እያሉ አይግፉት። መጨበጥ ወይም ጎንበስ ብሎ ሰላም ማለት፣ የቱን እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ። ማልቀስ ከጀመረ ምክንያቱን አይጠይቁት፣ በከረሜላም አይደልሉት። ወደ በረንዳ ያውጡት፣ አጠገቡ ዝቅ ብለው ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ሲረጋጋ ውሃ ይስጡት። ለባለቤቶቹ «እንቅልፍ አልጠገበም» ማለት ይበቃል። «አቀበጥሽው» የሚል ቢመጣም እዚያው አይከራከሩ።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። አያት ቤት ወተትና እንቁላል ላይኖር ስለሚችል ለልጆቹ ምን እንደሚቀርብ አስቀድመው ይነጋገሩ። በርበሬ ለማይችል ልጅ ድንች አልጫ ይሆነዋል። ሹራብም ይያዙ፤ የአዲስ አበባን ክረምት በሜሪላንዱ ሙቀት የሚገምቱ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በቤት መኪና ሀዋሳ ልንሄድ ነው። የ6 ዓመቷ ያስመልሳታል፣ ሁለቱ ወንዶች ይደባደባሉ፣ አባታቸው እየነዳ ይጮኻል።

መልስ፦ ልጅቷን ከኋላ መሐል ላይ ያስቀምጧት። የሚያስመልሳት ዓይኗ ስልክ ላይ ተተክሎ «ቆመናል» ሲል፣ የውስጥ ጆሮዋ ደግሞ «እየሄድን ነው» ስለሚል ነው። መሐል ሆና በፊት መስታወት መንገዱን ስታይ ሁለቱ ይስማማሉ፤ በዚያውም ወንዶቹን ለየች ማለት ነው። የመሐሉ ወንበር የትከሻ ቀበቶ ከሌለው ግን መስኮት ጋ ትሁንና አርቃ ትመልከት። ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ደረቅ ዳቦ ትብላ፤ ቅቤ የበዛበት ፍርፍር ይቅር። የመኪና ሽቶ አውጥታችሁ ጣሉ። መድኃኒት ከሆነ ከጉዞው ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚሰጠው፤ ካስመለሳት በኋላ ብዙም አይረዳ። መጠኑን ፋርማሲስት ይንገራችሁ፣ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አይሰጥም። ፌስታል፣ እርጥብ ፎጣና ቅያሪ ልብስ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይሆን እግራችሁ ሥር ይሁኑ።

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥታችሁ ሞጆና ባቱ ላይ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቁሙ፤ ልጆቹ ይሩጡ እንጂ ካፌ አይቀመጡ። ወንዶቹ በየማረፊያው ወንበር ይቀያየሩ። ድብድብ ሲነሣ አባት ዞሮ አይጩህ፤ አስተማማኝ ቦታ ሲያገኝ ዳር ይዞ ሞተር ያጥፋና «ስትጨርሱ እንሄዳለን» ብሎ ዝም ይበል። ፈጣን መንገዱ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ ዳር መቆም አደገኛ ነው። ሀዋሳ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ስለሆነች ወባ አለ፣ አጎበር ያዙ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመቱ ልጄ «አልሄድም» አለ።

መልስ፦ የአንዱን ቀን የምሳና የወጪ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ለእሱ ይስጡት፣ ምርጫው ባይጥምዎም አይሻሩት። ስልክ በምግብ ሰዓትና ከሌሊቱ 4 ሰዓት በኋላ ይጥፋ፤ የእርስዎም ጭምር።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነኝ። ላንጋኖ ቤት ተከራይተን ሦስት ቀን ቆየን። እኔ ከቤቴ የባሰ ስሠራ ሰንብቼ መጨረሻው ከባለቤቴ ጋር ጭቅጭቅ ሆነ።

መልስ፦ ይህ የብዙ እናቶች ጥያቄ ነው፤ ለአባት ዕረፍት የሆነው ለእናት የኩሽና ለውጥ ብቻ ይሆናል። ከጉዞው በፊት ባለው ማታ ሥራውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተከፋፈሉ። ስታከፋፍሉ «አግዘኝ» አይሠራም፤ ሥራ ከነጅራቱ ነው የሚሰጠው። ልጅ ማጠብ ሲባል ውሃ ማሞቅ፣ ፎጣ መፈለግ፣ ማልበስና እርጥቡን ማስጣት ሁሉ አለበት። ሽሮና ድርቆሽ ከቤት ይያዙ፣ አንድ ቀን እራት ከውጭ ይምጣ። እያንዳንዳችሁ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻችሁን የምትሆኑበት ጊዜ ይኑራችሁ።

ሐይቁ ዳር «ሁላችንም እያየን ነው» ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። በየ20 ደቂቃው ተራ እየያዛችሁ ተረኛው ስልኩን ያስቀምጥ፤ ዋና የማይችል ልጅ ከእጅ ርቀት አይራቅ። ንዴት ሲመጣ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፣ አሥር ጊዜ። የገንዘቡን ነገር ቤት ሳሉ ይጨርሱት፤ ለየቀኑ የተመደበውን በተለያየ ፖስታ ያድርጉት። ሰኞ ሥራ ካላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ተመለሱ፣ እሑድ ልብስ ማጠቢያ ይሁን።