የእርግዝና ደም ግፊትና አስቀድሞ የሚጠቁመው የደም ምርመራ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከኩታበር የደወሉ እናት፦ «ልጄ የመጀመሪያ ጽንሷን በሰባት ወሩ አጣች፤ ደም ግፊት ነው ተባለች። አሁን ሦስት ወሯ ነው። ደሴ ወስጄ አስቀድሞ የሚናገረውን የደም ምርመራ ላስደርግላት?»

እናቴ፣ በቅድሚያ ፈጣሪ ያጽናችሁ። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ይህ ሕመም የሚገለጠው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ፣ ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱት ሥሮች እንደሚገባቸው ሳይሰፉ ሲቀሩ ነው። ደም ያጠረው እንግዴ ልጅ ኤስኤፍኤልቲ-1 የተባለ ፕሮቲን አብዝቶ ይለቃል፤ ይህም የእናቲቱን የደም ሥሮች ደኅና አድርጎ የሚያቆየውን ፒኤልጂኤፍ የተባለ ሌላ ፕሮቲን እየያዘ ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ምርመራው የሁለቱን ምጣኔ ይለካል፤ የሚጠቅመውም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሕመሙ ሲጠረጠር እንጂ በሦስት ወር አይደለም። ለልጅዎ ያለፈው ታሪኳ ራሱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ገንዘቡንም ጊዜውንም ለምርመራው ከማዋል ይልቅ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷትና በአነስተኛ መጠን ስለሚሰጠው አስፒሪን ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደ እርሷ ላሉ እናቶች በቀን 75 ሚሊግራም፣ ከ20ኛው ሳምንት በፊት ተጀምሮ እንዲሰጥ ይመክራል፤ ከ16ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ደግሞ ይመረጣል። በ2017 በታተመ ጥናት 150 ሚሊግራም የወሰዱ ተጋላጭ እናቶች ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚመጣው ሕመም ከግማሽ በላይ ቀንሶላቸዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን አይጀመርም።

ከወልድያ አካባቢ የደወሉ አዋላጅ ነርስ፦ «ምጣኔው 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እናቲቱን ወደ ቤቷ መመለስ ይቻላል?»

እህቴ፣ ቁጥሩ በ2016 ከታተመ ጥናት የመጣ ነው፤ ሕመሙ ከተጠረጠረባቸውና ምጣኔያቸው 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እናቶች መካከል ከመቶ 99ኙ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት ውስጥ አልታመሙም። ከ38 በላይ ሲሆን ግን በአራት ሳምንት ውስጥ የታመሙት ከሦስቱ አንዷ ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ምርመራው «ለዚህ ሳምንት የለም» ለማለት እንጂ «ይመጣል» ለማለት እምብዛም አይታመንም። ግፊቷ 160/110 የደረሰች እናት ደግሞ ምንም ውጤት ሳይጠበቅላት ሕክምና ይጀመርላት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የግፊት አለካኩ ነው፦ ዳገት ወጥታ የመጣችውን እናት እንደ ደረሰች አትለኳት፤ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ትረፍ፣ ጀርባዋን ትደገፍ፣ እግሯን አታነባብር፣ ክንዷም በልቧ ትክክል ይሁን።

ከባቲ የደወሉ ባል፦ «ለክትትል የሚወሰደው ደም ይህን አያሳይም?»

አያሳይም፣ ወንድሜ። እሱ የደም ማነስን፣ የደም ዓይነትንና እንደ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ያሉ ሕመሞችን ለማወቅ ነው፤ ይህን ሕመም የሚጠቁሙት የግፊት ልኬትና የሽንት ፕሮቲን ናቸው። ባለቤትዎን ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ከእምብርቷ በላይ ካመማት ወይም ቀለበቷ አልወጣ እስኪል ድረስ እጇ በድንገት ካበጠ፣ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አጠጥቶ ማሳደር አይገባም። በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ተቋም ትድረስ፤ እዚያ የሚሰጣት ማግኒዚየም ሰልፌት፣ በ2002 የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ የማንቀጥቀጥ አደጋውን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ይህ ሕመም ከወሊድ በኋላም ሊነሣ ስለሚችል፣ አራስ ሳለች ራሷን ቢያማት «ምጡ አድክሟት ነው» አይባል፤ ግፊቷ ይለካ።