ኤፍ ሁሉ እኩል አይደለም፦ የኢንጂነሪንግ ኮርስ እንዴት ይታቀዳል?

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ሊጥ ነው።

አዎ፣ ሊጥ። ቻናል አልተሳሳታችሁም። ኢንጂነሪንግ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ።

የፋሲካ እሑድ ደርሷል እንበል። ዶሮ ወጥም እንጀራም ያስፈልጋል። ከሁለቱ የቱ ይከብዳል? «ዶሮው!» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ሽንኩርቱ መከተፍ አለ፣ ቁጭ ብሎ ማቁላላት አለ፣ ዶሮዋ 12 ብልት ሆና በሎሚ ታጥባ ታጥባ... ወገብ ይቆርጣል። እንጀራውስ? ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾ፣ አቡክቶ መክደን። የዛሬው ሥራ ይሄው ነው።

ግን እማዬ ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድማ የምትጠይቀው ስለ ዶሮዋ አይደለም። «ሊጡ ተቦክቷል ወይ?» ነው የምትለው። ለምን? ዶሮ ወጥ ቢዘገይ መላ አለው። ጎረቤት ይጠራል። አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ ትበልታለች፣ ሁለት ምድጃ ይለኮሳል፣ ሌሊቱን ይደርሳል። ሊጥ ቢረሳስ? ሰፈሩ ሙሉ ተጠርቶ ቢያፈጥበት አይቦካም። መጀመሪያ ይቦካል። ከዚያ አብሲት ይጣላል። ከዚያ ኩፍ ይላል። ከዚያ ይጋገራል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ቅዳሜ ማታ ያስታወሰ ሰው እንጀራ ገዝቶ ይበላል፣ በበዓል ዋጋ።

ይቺን ያዙልኝ፦ ብዙ ሥራ ያለው ሌላ፣ ቀኑን የሚወስነው ሌላ።

(ስክሪን ላይ፦ የዶሮ ሥዕልና የሊጥ ሥዕል። የዶሮዋ ሥዕል አላማረችም፣ አውቃለሁ፣ ራሴ ነኝ የሣልኳት።)

ኮርሶቻችሁም እንዲሁ ናቸው። ዶሮ ኮርስ አለ፣ ሊጥ ኮርስ አለ። ዶሮ ኮርስ ያስለቅሳል፣ እንደ ሽንኩርቱ። ግን ከኋላው ተሰልፎ የሚጠብቅ ኮርስ የለም። ሊጥ ኮርስ ላይ ላዩን ቀላል ነው፣ ከኋላው ግን ሌሎቹ በሙሉ ተሰልፈዋል። «ፕሪሪኩዚት» የምትሉት እሱ ነው፣ እሱን ሳታልፉ ቀጣዩን መውሰድ የማትችሉት።

አሁን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ሲቪል እንውሰድ። ስታቲክስ፣ ከዚያ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ፣ ከዚያ ቲዎሪ ኦፍ ስትራክቸርስ 1፣ ከዚያ ሪኢንፎርስድ ኮንክሪት 1፣ ከዚያ ኮንክሪት 2። አምስት ኮርስ፣ በትንሹ አምስት ሴሚስተር። ዝርዝሩ ከካምፓስ ካምፓስ ይለያያል፣ የራሳችሁን ካሪኩለም እዩ። ኤሌክትሪካሎች ደግሞ ሰርኪትን እና አፕላይድ ማትስን ይዛችሁ ወደ ሲግናልስ፣ ወደ ኮንትሮል ሂዱ። ያው ነው።

እና አንድ ኮርስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። 2ኛ ዓመት አንደኛ ሴሚስተር ላይ ስታቲክስ ኤፍ ሆነ። እንደገና የምታገኙት 3ኛ ዓመት ላይ ነው። ስትሬንግዝ 3ኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር፣ ቲዎሪ 4ኛ ዓመት አንደኛ። ኮንክሪት 1 የ4ኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ይመጣል። ያን ሴሚስተር ግን ኢንተርንሺፕ ላይ ናችሁ እንበል፣ ሙሉ ሴሚስተር ሳይት ላይ። ስለዚህ ኮንክሪት 1 ለ5ኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ተላለፈ። ኮንክሪት 2 ደግሞ... 5ኛ ዓመት አልቋል። አያችሁ? አንድ ኤፍ ናት።

ያው ኤፍ ሂስትሪ ላይ ቢሆን? ያናድዳል፣ ጂፒኤ ይጎዳል፣ ግን ባገኛችሁት ክፍተት ትወስዱታላችሁ። ኤፍ ሁሉ እኩል አይደለም።

እስካሁን ከተመቻችሁ ሰብስክራይብ በሏት። አሁን አንድ ጉዳይ አለኝ።

ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙ ልጆች አንድ ዓይነት ነገር ጻፋችሁ። «እኛ መደበኛ ተማሪ ነን፣ ኮርስ የሚመድብልን ዲፓርትመንቱ ነው፣ ምኑን ነው የምናቅደው? ይሄ የፈረንጅ ሀገር ምክር ነው።» አንዱማ «ወንድሜ፣ እኛ ስሊፕ (የምዝገባ ወረቀት) ላይ መፈረም ብቻ ነው» ብሎኛል። ሳቅኩ። ግን ልመልስ፣ ምክንያቱም ሁላችሁም የምታስቡት ይሄንን ነው።

ግማሹ እውነት ነው። ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ ልውሰድ ወይስ ጂኦግራፊ የሚል ምርጫ የለም፣ ሁሉንም ትወስዳላችሁ። ከባቻችሁ ጋር እስካላችሁ ድረስ ዕቅዱ ተሠርቶላችኋል። ግን አንድ ኤፍ ካለ፣ ታማችሁ ዊዝድሮው ካደረጋችሁ (ሴሚስተሩን ካቋረጣችሁ)፣ ከሌላ ካምፓስ ከተዛወራችሁ፣ ዕቅዱ የእናንተ ነው። የዚያን ጊዜ ማንም አይሠራላችሁም። የምትደግሙት ኮርስ ከታናሾቻችሁ ጋር ነው፣ ሰዓቱም ከራሳችሁ ክላስ ጋር ሊጋጭ ይችላል። አድ ድሮፕ፣ ማለትም ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ጊዜ፣ ደግሞ የቀናት ጉዳይ ነው። ሬጅስትራር በር ላይ ቆማችሁ ማሰብ ብትጀምሩ አይደርስም።

ደግሞ ትልቁ ነገር። ኮርስ አትመርጡም፣ እሺ። ሰዓታችሁን ግን ማን ነው የሚመርጠው? 30 ኢሲቲኤስ በአንድ ሴሚስተር አላችሁ እንበል። ኢሲቲኤስ የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው፣ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፣ ክላስም ጥናትም ተደምሮ። ከ750 እስከ 900 ሰዓት ማለት ነው። ለ16 ሳምንት አካፍሉት፣ በሳምንት ከ47 እስከ 56 ሰዓት። ማን ያን ያህል ያጠናል? እኔ አላጠናሁም፣ እናንተም አታጠኑም፣ አንዋሽ። ሰዓቱ ስለማይበቃ የሆነ ኮርስ ላይ ይጎድላል። የት ላይ ይጉደል? ይሄ ነው ዕቅዱ።

እኔ የት ላይ አጎደልኩ መሰላችሁ? 2ኛ ዓመት ላይ ድሮዊንግ ይዞኝ አብጃለሁ። ሌሊት ሌሊት ቲ ስኩዌር ታቅፌ መስመር ሳሰምር አድራለሁ። ስታቲክስን «ፊዚክስ ነው፣ ሃይስኩል ተምሬዋለሁ» ብዬ ተውኳት። ድሮዊንግ ኤ አመጣሁ። ስለዚያች ኤ እስከዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስታቲክስ ግን... ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ፎቶው አሪፍ ነው፣ እኔ የለሁበትም።

እና ምን ይደረግ? አንድ ኤ4 ወረቀት። ካሪኩለሙን አውጡ፣ እያንዳንዱን ኮርስ ጻፉ፣ ከፕሪሪኩዚቱ ወደ እሱ ቀስት ሳቡ። ረጅሙን መስመር በቀይ አቅልሙ። ኢንተርንሺፑን መሃል ላይ አስቀምጡ። ከዚያ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ቀይ ላይ ያለው ኮርስ የቱ ነው ብላችሁ ፈልጉ። የሳምንቱ የመጀመሪያ ሰዓት የእሱ ነው፣ ቀላልም ቢሆን። ክረምት ላይ ኮርስ የሚከፍት ካምፓስ ካላችሁ ቀዩን አስቀድሙ፣ ሂስትሪውን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፣ ማለፊያው 50 ነው፣ ቀይ መስመር ላይ ያሉት ኮርሶች እዚያም ይጠብቋችኋል።

ዘዴው የኔ ፈጠራ አይደለም። ክሪቲካል ፓዝ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1957 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ዱፖንት እና ሬሚንግተን ራንድ የሚባሉ ኩባንያዎች ያመጡት ነው፣ የፋብሪካ ሥራ ለማቀድ። ሲቪሎች ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ላይ ትማሩታላችሁ። መቼ? መመረቂያችሁ ሲደርስ! ሲጀመር ቢያስተምሩን ምን ነበረበት?

የቀዩን መስመር ባዶ ፎርም ቴሌግራም ላይ ለቅቄዋለሁ፣ ሊንኩ ከታች ነው። ሜካኒካሎች፣ የእናንተን ሰንሰለት ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለሚቀጥለው ቪዲዮ እፈልገዋለሁ። በሉ ቻው፣ እማዬ እየጠራችኝ ነው፣ አብሲቱ ደርሷል መሰለኝ።