የተሻሻለ አሮጌ ሞተር ለክላሲክ ትራያል ይፈቀዳል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ክላሲክ ትራያል ባወራንበት ዝግጅት አብዛኞቹ ደዋዮች የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ “ሞተሬን እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፤ ያስገቡኛል?” ጊዜ አጥሮን በአየር ላይ ያልተመለሱትን ጨምረን እነሆ መልሱ።

ስፖርቱን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ትራያል የፍጥነት ውድድር አይደለም። በድንጋይ፣ በጅረት፣ በጭቃና በዳገት ላይ የተከለሉ ክፍሎችን እግር መሬት ሳያስነኩ ማለፍ ነው። እግር አንዴ ከነካ 1 ነጥብ፣ ሁለቴ ከነካ 2፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 3 ይያዛል። ከመስመር የወጣ ወይም የወደቀ 5 ይቆጠርበታል። ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። ክላሲክ የሚባለው ይኸው ውድድር በድሮ ሞተሮች ሲደረግ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ለዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ ደንብ የለም። እያንዳንዱ አዘጋጅ ክለብ የራሱን ያወጣል። እኔ የምነግራችሁ በአብዛኛው የሚሠራበትን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ1963 ቢ.ኤስ.ኤ ባንታም አለኝ። ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ ገጥሜበታለሁ። “ከ1965 በፊት” በሚለው ምድብ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ 1965 ለምን እንደተመረጠ እንይ፤ ዝም ብሎ የተቆረጠ ዓመት አይደለም። እስከዚያ ድረስ ትራያልን የያዙት የእንግሊዝ ሞተሮች ነበሩ፤ በተለይ ከባዶቹ ባለ 4 ስትሮኮች። ዝነኛው የትራያል ተወዳዳሪ ሳሚ ሚለር ኤሪየል በተባለ 500 ሲሲ የእንግሊዝ ሞተር የስኮትላንድን የስድስት ቀን ትራያል በ1962 እና በ1964 አሸንፏል። ከዚያ ወደ ስፔኑ ቡልታኮ ሄደና ሼርፓ የተባለውን ቀላል ባለ 2 ስትሮክ ሞተር አብሮ ሠራ። በ1965 ያንኑ ውድድር በእሱ አሸነፈ። የከባዶቹ ዘመን በዚያው አበቃ። ምድቡ የተፈጠረው እነሱም የሚወዳደሩበት ቦታ እንዲኖራቸው ነው።

ወደ እርስዎ ባንታም ስንመጣ፣ ይህ ሞተር በ1948 ሲወጣ ባለ 3 ማርሽ ነበር። ባለ 4 ማርሹ የመጣው ከ1965 በኋላ ነው። ደንቡን በፊደሉ ካየነው ካምቢዮዎ አያልፍም። ግን ብዙ ክለቦች ከውጭ የማይታይና ከዚያው ሞተር ዘር የሆነ ዕቃ ሲሆን አያከርሩም። ለምሳሌ አማል ኮንሴንትሪክ ካርቡራተር የወጣው በ1967 ነው፤ በብዙ ቦታ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ መመዝገቢያው ላይ በግልጽ ይጻፉት። ተደብቆ የተገኘ ዕቃና ቀድሞ የተነገረ ዕቃ በተቆጣጣሪው ዘንድ አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የእግር መርገጫውን ወደ ታችና ወደ ኋላ ወስጃለሁ። ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) የሚገባበትን የፍሬሙን አንገት ቀጥ አድርጌዋለሁ። ፎርኩ ውስጥም ዘመናዊ ዕቃ አለ። ከውጭ ሲታይ ግን አሮጌ ነው። ማንን ጎዳሁ?

መልስ፦ የዚህን ስፖርት ሰዎች እንደዚህ የሚያከራክር ጥያቄ የለም። እኔም አቋሜን በግልጽ እናገራለሁ።

የድሮዎቹ ሞተሮች አብዛኞቹ ከመንገድ ሞተር የተወለዱ ናቸው። የፊት ጎማቸው ወደ ፊት የተዘረጋ ስለሆነ ጠባብ ቦታ ላይ መታጠፍ ይቸግራቸዋል። አንገቱን ቀጥ ሲያደርጉት ቶሎ ይታጠፋል። መርገጫው ወደ ኋላ ሲሄድ ክብደትዎ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። ጎማው መሬቱን ይይዛል፣ የፊቱን ማንሳትም ይቀልላል። ዘመናዊው የፎርክ ዕቃ ደግሞ ድንጋይ ሲመታ መንጠሩን ያስቀረዋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከሞተር ጉልበት በላይ ውጤት ይለውጣሉ።

አሁን ክፍሎቹን የሚያዘጋጀውን ሰው ያስቡት። ሁሉም በዜሮ ካለፈ ውድድር የለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ መታጠፊያውን ያጠብበዋል፣ ከፍ ያለ ድንጋይ ይመርጣል። ያን ጊዜ ያልተነካ ኤሪየል ወይም ሮያል ኤንፊልድ ይዞ የመጣው ሰው በቃ፣ አይችልም። ወይ እሱም ፍሬሙን ይቆርጣል፣ ወይ ቤቱ ይቀራል። የተጎዳው እሱ ነው። ምድቡ የተቋቋመው ለእነዚያ ሞተሮች ሆኖ ሳለ መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ይሆናሉ። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል።

በተግባር መርገጫ ማዛወር በብዙ ደንቦች ይፈቀዳል፤ ድሮም ይደረግ ነበር። አንገት መለወጥ ከክለብ ክለብ ይለያያል። ፎርክ ላይ ግን ጥብቅ ናቸው፤ ቢያንስ ከውጭ የዘመኑ መሆን አለበት። ፎርኩን ከአንገቱ ጋር የሚያስረው ዕቃ ከአልሙኒየም ብሎክ ተፈልፍሎ የተሠራ ከሆነ ብዙ ተቆጣጣሪዎች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሳሚ ሚለር ራሱ ሞተሩን ለውጦ የለ እንዴ? ለእሱ ተፈቅዶ ለእኛ ለምን ይከለከላል?

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ ለውጧል። ጂ.ኦ.ቪ. 132 የሚል ታርጋ ያላትን ኤሪየሉን በፋይበር ግላስና በአልሙኒየም ብዙ አቅልሏታል። ያንን ያደረገው ግን በዘመኑ በነበረ ዕቃና ዕውቀት ነው። እርስዎም ብረቱን በፋይበር ግላስ ይተኩ፣ ትርፍ የሆነውን ይቁረጡ፣ ያቅሉ፤ ማንም አይከለክልዎትም። ዓመቱ የሚገድበው ቴክኖሎጂውን ነው። ድካምና ብልሃት አልተገደበም።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት አሞርዛተር ምድብ ውስጥ የፊት ዲስክ ፍሬን መግጠም ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የዚህ ምድብ የተለመደው መስፈርት ሦስት ነው፦ ከኋላ ሁለት አሞርዛተር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ከፊትም ከኋላም የታምቡር ፍሬን። የቡልታኮ ሼርፓ፣ የሞንቴሳ ኮታ፣ የኦሳ ማር እና የሆንዳ ቲ.ኤል.አር. ቤት ይህ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያማሃ ባለ አንድ አሞርዛተሩን ቲ.ዋይ. 250 ለገበያ ሲያቀርብ አዲስ ዘመን ጀመረ። እነዚያ የራሳቸው ምድብ አላቸው። ባለ አንድ አሞርዛተር ፍሬም ላይ ሁለት በይዶ መምጣትም አያዋጣም፤ የሚታየው የፍሬሙ ትውልድ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያና ካላማዳሪያ የሌለው ጎማስ?

መልስ፦ ማቀጣጠያው በአብዛኛው ይፈቀዳል። የድሮው ማቀጣጠያ የሚሠራበት ፑንቲና እየጠፋ፣ ያለውም እየተበላሸ ስለሆነ ሰው ሞተሩን እንዲያስነሳ ማገዝ ተገቢ ነው። ጎማው የትራያል ጎማ መሆን አለበት፤ የሞቶክሮስ አይገባም። ካላማዳሪያ የሌለውን አንዳንድ ክለቦች ይከለክላሉ፣ ምክንያቱም አየሩን በጣም አጉድሎ ለመንዳት ያመቻል። ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ሮያል ኤንፊልድ ቡሌት ሕንድ ውስጥ የተሠራው ከ1965 ብዙ ቆይቶ ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ዓመት ያስወጣኛል?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ቡሌት ሕንድ ውስጥ መገጣጠም የጀመረው በ1955 ነው፤ ከዚያም በዚያው መልክ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተሠርቷል። ብዙ ደንቦች የሚጠይቁት የዕቃውን ቅርጽና አሠራር ነው። ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ በኋላ የተሠራም ይገባል። በተቃራኒው የድሮ ታርጋ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የ1959 ታርጋ የለጠፈ፣ ከሥር ግን ሁሉ ነገሩ አዲስ የሆነ ሞተር አለ። ታርጋ ለመንገድ ነው፤ ተቆጣጣሪው ብረቱን ያያል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መግባት አለመግባቴን ቀድሜ እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ብረት ከመቁረጥዎ በፊት ሞተሩን በሁለቱም ጎን፣ ፎርኩንና የጎማዎቹን ማዕከል በቅርብ ፎቶ አንሥተው ለአዘጋጁ ይላኩ። የለወጡትን ሁሉ ይዘርዝሩ። መልሱን በጽሑፍ ይያዙት፣ በውድድሩ ቀንም ይዘውት ይሂዱ። ያወጡትን ኦሪጅናል ዕቃ አይሸጡ፤ ደንብ ሲጠብቅ መልሰው ይገጥሙታል። ካልተፈቀደልዎት ደግሞ ለተሻሻሉ ሞተሮች የተለየ ምድብ እንዳላቸው ይጠይቁ። አንዳንድ ክለቦች ክፍሎቹን እንዲነዱ ፈቅደው ከሽልማቱ ውጭ ያደርጉዎታል። ሞተሩ የሚወዱት ከሆነ እንደዚያም መንዳት ጥሩ ነው።