አንድ ማንጋ፣ ሁለት አኒሜ፦ ፉልሜታል አልኬሚስት ለምን ሁለት ጊዜ ተሠራ?

(ምስል፦ የማንጋው 27 ቅጾች ተደርድረው፤ አጠገባቸው የሁለቱ አኒሜዎች ፖስተሮች)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ፉልሜታል አልኬሚስት ነው የማወራችሁ፤ መጀመሪያ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ)፣ በኋላ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ተከታታይ) ስለሆነው ታሪክ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አነሳዋለሁ። ማን እንደሚሞት፣ ማን ምን እንደሆነ፣ ሁሉንም። ገና ያላያችሁት ካላችሁ መጀመሪያ እዩትና ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንጋው አንድ ነው፤ ደራሲዋም አንድ ናት፤ ሂሮሙ አራካዋ። አኒሜው ግን ሁለት ነው። አንደኛው በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጀመረው ባለ 51 ክፍሉ ነው። ሁለተኛው በ2009 የጀመረው፣ ብራዘርሁድ የምንለው፣ ባለ 64 ክፍሉ። ሁለቱንም የሠራው ቦንዝ የሚባለው ስቱዲዮ ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ኤድዋርድን በሁለቱም በድምፅ የተጫወተችው ሮሚ ፓርክ ናት። ግን ሁለቱ የሚሄዱበት መንገድ ለየቅል ነው።

ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው «ለማንጋው የሚታመነው የቱ ነው?» ተብሎ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ብራዘርሁድ ነው። ግን እዚያ ላይ ካቆምን ዋናው ነገር ያመልጠናል። ሦስቱን የሚለያቸው ጊዜ ነው። አኒሜው ሲጀመር ማንጋው የት ደርሶ ነበር? እያንዳንዱ ሥራስ ከአንድ ሰው ጋር ስንት ሰዓት ያቆየናል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከያዝን የቀረው ሁሉ ከእነሱ ይመዘዛል።

(ምስል፦ ከ2001 እስከ 2010 የሚሄድ የጊዜ መስመር)

ማንጋው የወጣው በየወሩ በሚታተም መጽሔት ላይ ነው። ወርኃዊ ሾነን ጋንጋን ይባላል። ከ2001 እስከ 2010፣ በወር አንድ ምዕራፍ። በድምሩ 108 ምዕራፍ። አኒሜ ደግሞ በየሳምንቱ ነው የሚተላለፈው። አሁን አስቡት። በ2003 መገባደጃ ላይ የመጀመሪያው አኒሜ ሲጀምር ማንጋው ገና ሠላሳ ምዕራፍ አልሞላም ነበር። በየሳምንቱ የሚሮጥ ነገር በየወሩ የሚራመደውን ወዲያው ይደርስበታል።

ይህ ችግር የፉልሜታል ብቻ አይደለም። ናሩቶ የሚባለውን አኒሜ ያየ ሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያው ናሩቶ ከ136ኛው ክፍል ጀምሮ እስከ 220ኛው ድረስ አብዛኛው ማንጋው ላይ የሌለ ታሪክ ነው። ማንጋው እስኪርቅ ጊዜ መግዣ ነው። ተመልካቹ ይሰለቻል፤ ዋናው ታሪክም ባለበት ይቆማል።

የፉልሜታል ሰዎች ሌላ መንገድ መረጡ። ዳይሬክተሩ ሴይጂ ሚዙሺማ ነበር፤ ዋናው የስክሪፕት ጸሐፊ ደግሞ ሾ አይካዋ። አራካዋ ራሷ የአኒሜው መጨረሻ ከእሷ ማንጋ የተለየ እንዲሆን ፈቀደችላቸው። ስለዚህ ጊዜ ከመግደል ይልቅ ታሪኩን ተረክበው በራሳቸው መንገድ ጨረሱት። በጣም ደፋር ውሳኔ ነው። የ2003ቱ ሥራ ዛሬም የሚታየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

(ምስል፦ ኤድዋርድና አልፎንስ በልጅነታቸው፣ ወለሉ ላይ የተሳለው ክብ)

መነሻው በሦስቱም አንድ ነው። ሁለት ወንድማማቾች እናታቸው ትሞትባቸዋለች። በአልኬሚ፣ ማለትም አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ፣ ሊያስነሷት ይሞክራሉ። ይህ የተከለከለ ነገር ነው። ትንሹ፣ አልፎንስ፣ ሙሉ አካሉን ያጣል። ትልቁ፣ ኤድዋርድ፣ መጀመሪያ እግሩን ያጣል፤ ከዚያ የወንድሙን ነፍስ የብረት ጥሩር ውስጥ ለማሰር ቀኝ እጁን ይከፍላል። ሕጉ «እኩል ልውውጥ» ነው። አንድ ነገር ለማግኘት እኩል ዋጋ ያለው ነገር ትሰጣለህ።

እዚህ ጋ ስለ ድምፅ አንድ ነገር ልበል። ማንጋው ላይ አልፎንስ ግዙፍ ጥሩር ነው። ልጅ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ግን ዓይናችሁ የሚያየው ብረት ነው። አኒሜው ላይ ግን ከዚያ ሁሉ ብረት ውስጥ የትንሽ ልጅ ድምፅ ይወጣል፤ ያውም እንደ ባዶ ጋን እያስተጋባ። ሪዬ ኩጊሚያ ናት የምትናገረው። አፉን በከፈተ ቁጥር ውስጡ ባዶ እንደሆነ ትሰማላችሁ። ማንጋው ይህን በሥዕልና በቃል ማስታወስ አለበት፤ አኒሜው ግን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በነጻ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ኒና እንሂድ። የፉልሜታል ሰው ሆኖ ኒናን የሚረሳ የለም። ኒና ትንሽ ልጅ ናት፤ አባቷ ሹ ታከር የመንግሥት አልኬሚስት፣ ማለትም በፈተና ተመርጦ ለመንግሥት የሚሠራ አልኬሚስት ነው። ማዕረጉን ላለማጣት ልጁንና ውሻዋን አንድ ላይ አዋህዶ የሚናገር እንስሳ ያደርጋቸዋል። ማንጋው ላይ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአምስተኛው ምዕራፍ ነው። ኤድዋርድ ያኔ የመንግሥት አልኬሚስት ሆኗል፤ ታከር ቤት የሚመጣው መጻሕፍቱን ለማየት ነው። ጥቂት ቀን ይመላለሳል፤ ከኒና ጋር ይጫወታል፤ ከዚያ ያ ቀን ይመጣል።

የ2003ቱ ግን ጊዜውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ወንድማማቾቹ ታከር ቤት የሚገቡት ገና ለመንግሥት አልኬሚስትነት ፈተና ሲዘጋጁ ነው። እዚያው ይኖራሉ፤ እዚያው ያጠናሉ። የኤድዋርድ ልደት ሂዩዝ የሚባለው የጦር መኮንን ቤት ሲከበር ኒናም አለች። በዚያው ቀን የሂዩዝ ሚስት ምጥ ይይዛትና ኤሊሲያ ትወለዳለች። ይህ ማንጋው ላይ የለም። ስለዚህ ሰባተኛው ክፍል ላይ ያ ነገር ሲደርስ የምትሞተው ኤድዋርድ አብሯት የኖረ እህቱ ናት ማለት ይቻላል። ለእኔ የኒናን ታሪክ ከሦስቱ የበለጠ የሚያመኝ እዚህ ነው።

ብራዘርሁድ ደግሞ አራተኛው ክፍል ላይ ጨርሶታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተመልካቹ ይህን ከጥቂት ዓመታት በፊት አይቶታል፤ እንዳይሰለች ተብሎ መጀመሪያዎቹ ክፍሎች ላይ ተሮጠ። በ2009 ይህ ትክክል ነበር። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብራዘርሁድን ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ያ ጥድፊያ ይጎዳዋል።

(ምስል፦ የስልክ ሳጥን በሌሊት)

ሂዩዝ ላይ ደግሞ ይህ ነገር ይብሳል። ሌተና ኮሎኔል ማስ ሂዩዝ፤ የልጁን ፎቶ ለሁሉም ሰው እያሳየ የሚያሰለች፣ ሁሉም የሚወደው ሰው። የጦሩን ምስጢር ያገኝና ለጓደኛው ለሮይ ማስታንግ ሊደውል ወደ ስልክ ሳጥን ይሮጣል። ኢንቪ የሚባለው መልኩን የሚቀያይር ጠላት የሚስቱን መልክ ይዞ ፊቱ ይቆማል። ሂዩዝ ቢላዋውን ይዟል፤ እጁ ግን አልታዘዝ ይለዋል። አንዲት ቅጽበት ያመነታል። ይተኮስበታል።

ይህ ማንጋው ላይ 15ኛው ምዕራፍ ነው። በ2003ቱ 25ኛው ክፍል። በብራዘርሁድ 10ኛው። ቁጥሮቹን ልብ በሉ። መጽሔቱን በየወሩ እየገዛ ያነበበ ጃፓናዊ 15ኛው ምዕራፍ ጋ የደረሰው ከዓመት በላይ ጠብቆ ነው። ሳምንት በሳምንት የ2003ቱን ያየ ሰው ስድስት ወር ገደማ ከሂዩዝ ጋር ቆይቷል። የብራዘርሁዱ ተመልካች ሁለት ወር ከምናምን። ዛሬ በአንድ ቁጭታ የሚያየው ሰው ደግሞ አራት ሰዓት አይሞላውም።

ቀብሩን እንይ። ትንሿ ኤሊሲያ አባቷን ለምን እንደሚቀብሩት ትጠይቃለች። አባቴ ሥራ አለበት፣ ከቀበራችሁት እንዴት ይሠራል ትላለች። አኒሜው ላይ ይህን በድምፅ ነው የምትሰሙት፤ ጆሯችሁን ብትደፍኑ እንኳ አያመልጣችሁም። ቀጥሎ ማስታንግ ብቻውን መቃብሩ ጋ ይቆማል። ኮፍያውን ዝቅ ያደርግና ዝናብ መጣ ይላል። ረዳት መኮንኑ ሆክአይ ሰማዩን ታያለች፤ ዝናብ የለም። እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ ታየዋለች። አዎ፣ ዝናብ ነው ትለዋለች።

ማንጋው ላይ ይህ ጥቂት የሥዕል ሣጥን ነው። ሙዚቃ የለም። በሣጥኖቹ መካከል ስንት ሰከንድ እንደምትቆዩ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኔ እዚያ ገጽ ላይ ረጅም ጊዜ ነው የቆምኩት። አኒሜው ይህን ነጻነት ይወስድባችኋል፤ በምትኩ ድምፅና ሙዚቃ ይሰጣችኋል። ለዚህች ትዕይንት የገጹን ጸጥታ እመርጣለሁ።

ቀልዱም የጊዜ ጉዳይ ነው። አራካዋ በጣም ትቀልዳለች። ኤድዋርድ አጭር ሲባል ይጮሃል፤ ፊቱ ባንዴ የሕፃን ሥዕል ይመስላል። ገጽ ላይ ይህ ከከባድ ንግግር አጠገብ ጥግ ላይ ትንሽ ሥዕል ሆኖ ይቀመጣል፤ ዓይን በጨረፍታ ያየውና ያልፋል። ስክሪን ላይ ግን ቀልዱ የራሱን ሰከንዶች ይፈልጋል፤ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ብራዘርሁድ የማንጋውን ቀልድ ሳይቀንስ ለማምጣት ስለሞከረ አንዳንድ ጊዜ ሐዘኑ መሃል ይገባል። የ2003ቱ ቀልዱን ቀንሶ ድባቡን አጠቆረው።

(ምስል፦ የሁለቱ ታሪኮች መንገድ ለሁለት ሲከፈል)

እንግዲህ ወደ መለያያው ደረስን። ሆሙንኩለሶቹ ከየት መጡ? ሰው የሚመስሉት ሰው ሠራሽ ፍጡራን፣ እንደ ኢንቪ በሰባቱ ኃጢአት የተሰየሙት ሰባቱ ማለቴ ነው።

በማንጋው «አባት» የሚባለው ፍጡር የራሱን ኃጢአቶች ከውስጡ አውጥቶ ነው የሠራቸው። በ2003ቱ ግን ሰው ለማስነሳት ተሞክሮ ሳይሳካ በቀረ ቁጥር ሆሙንኩለስ ይወለዳል። ይህ አንድ ለውጥ ሁሉንም ነገር ይገለብጠዋል። ወንድማማቾቹ እናታቸውን ለማስነሳት ሞክረው የለ? እንግዲያው በዚያች ሌሊት የሠሩት ነገር የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። አለም። ስሟ ስሎዝ ነው፤ የእናታቸውን ፊት ይዛለች። ኤድዋርድ ያንን ፊት እያየ ሊወጋት ነው። በማንጋው ስሎዝ ማለት መሬት የሚቆፍር ሰነፍ ግዙፍ ነው፤ ከእናታቸው ጋር ምንም አያገናኘውም።

አራካዋ ግን ያችን ሌሊት አልረሳቻትም። እሷም ተመልሳባታለች፤ በሌላ በር። በማንጋው ኤድዋርድ ከአያት የማያንሱትን ፒናኮን ይዞ በዝናብ ይሄድና ያን የቀበሩትን ነገር ይቆፍራል። ማቅለሽለሹን መቋቋም ያቅተዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ግን አያቆምም። ፀጉሩን ያገኛል፤ ጥቁር ነው። የእናቱ ፀጉር ጥቁር አልነበረም። አጥንቱም የእሷን ቁመት አይሆንም። ያ ነገር እናታቸው አልነበረም። ማለትም እናታቸውን ሁለተኛ አልገደሏትም። ልጁ ለዓመታት የተሸከመው ጭነት እዚያ ጭቃ ላይ ይወርድለታል፤ አልፎንስን ለመመለስም ተስፋ ያገኛል።

አያችሁ? ሁለቱ ደራሲዎች አንድ ቁስል ይዘው ነው የቀጠሉት። አንደኛው ቁስሉን ፊት ሰጥቶ አስነሳው፤ ሌላዋ ቆፍራ አየችው። ማንጋው እዚያ ምዕራፍ ጋ ሳይደርስ አኒሜው ስላለቀ ሚዙሺማና አይካዋ ይህን መልስ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። የራሳቸውን መፈለግ ነበረባቸው፤ ያገኙትም ከባድ መልስ ነው።

መጨረሻውም እንዲሁ ነው። በ2003ቱ ዳንቴ የምትባለው ባለጋራ ኤድዋርድን እኩል ልውውጥ የሚባል ነገር ውሸት ነው ትለዋለች። ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሎ ምንም አያገኝም። ታሪኩም ይህን ሙሉ በሙሉ አያስተባብልላትም። ኤድዋርድ ለወንድሙ ራሱን ይሰጥና ሁለቱን ዓለማት ከሚለየው በር ማዶ፣ በእኛ ዓለም፣ በጀርመን በ1921 ራሱን ያገኛል። አልፎንስ አካሉ ተመልሶለታል፤ አብረው የተጓዙባቸውን ዓመታት ግን አያስታውስም። ወንድማማቾቹ ተለያዩ። ሰው ይህን መጨረሻ የማይወደው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔ ግን አከብረዋለሁ።

ማንጋው ደግሞ ሕጉን ከሌላ በኩል ይሻገረዋል። ኤድዋርድ ወንድሙን ለመመለስ አልኬሚውን ራሱን፣ ያን ሁሉ ችሎታ፣ ይከፍላል። በኋላ ወንድማማቾቹ አዲስ ሐሳብ ያነሳሉ፤ 10 ተቀብለን የራሳችንን 1 ጨምረን 11 ብንመልስስ ይላሉ። ኤድዋርድ የልጅነት ጓደኛውን ዊንሪን ለትዳር ሲጠይቃትም የሕይወቴን ግማሽ እሰጥሻለሁ፣ ያንቺን ግማሽ ስጪኝ ይላታል። እሷ ግማሽ ምን ይሠራል፣ ሙሉውን እሰጥሃለሁ ትላለች። ወዲያው ደግሞ ደንግጣ ቁጥሩን መቀነስ ትጀምራለች። ብራዘርሁድ ይህን እንዳለ አምጥቶታል። ማንጋው በሰኔ 2010 አለቀ፤ ብራዘርሁድ በሐምሌ መጀመሪያ። ደራሲዋና ስቱዲዮው ጎን ለጎን ሮጠው ነው የገቡት፤ በአኒሜ ዓለም ይህ ብዙ አይገጥምም።

ታዲያ ከየት ልጀምር ለምትሉኝ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የ2003ቱን 51 ክፍል፤ ቀጥሎ በ2005 የወጣውን መዝጊያ ፊልሙን። ኒናንና ሂዩዝን በደንብ ታውቋቸዋላችሁ። ከዚያ ብራዘርሁድ፤ ያኔ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ጥድፊያ አይጎዳችሁም።

ማንጋውን ስትይዙ ግን «ታሪኩን አውቀዋለሁ» ብላችሁ ወደ መሃል አትዝለሉ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የዩስዌል የድንጋይ ከሰል ማዕድን አለ። ዮኪ የሚባል ሹም ማዕድን ቆፋሪዎቹን ሲያስጨንቅ ኤድዋርድ ፍርስራሹን ወርቅ አድርጎ ማዕድኑን ይገዛዋል፤ ለሠራተኞቹም በአንድ አዳር ሒሳብ ያስረክባቸዋል። ወርቁ ኋላ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ብራዘርሁድ ይህን በአጭር ትዝታ አልፎታል። ዮኪ ግን በኋላ ስካር ከሚባለው፣ የመንግሥት አልኬሚስቶችን ከሚገድለው ሰው ጎን ሆኖ ይመለሳል፤ ዩስዌልን ያነበበ ሰው ያንን ሰውዬ ሲያይ ማን እንደሆነ ያውቀዋል።