ቦራ ደንገላሳ ላይ ለምን ጣለኝ

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ንፋሱ ማይኩ ውስጥ ከገባባችሁ ይቅርታ። ዛሬ ስለ ቦራ ነው ማወራችሁ፣ ስለ ፈረሴ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ነው ቦራ ያልነው።

ቦራ ሶምሶማ ላይ፣ ማለት ዝግ ባለው ሩጫ ላይ፣ እንደ በግ ነው፣ ልጅ ብታስቀምጡበት ይዞ ይሄዳል። ደንገላሳ፣ ከሶምሶማ ፈጠን ያለውን ሩጫ፣ ላስነሳው ስል ግን ሌላ ፈረስ ይሆናል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ጭራውን ያወናጭፋል፣ ከዛ አንገቱን ይደፋና ጀርባውን አጉብጦ በኋላ እግሩ ይራገጣል። ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ እህሉ ተሰብስቦ ሜዳው ገላጣ በሆነበት ሰሞን እንደዛ አርጎ ጣለኝ፣ ትከሻዬን ሁለት ወር አመመኝ።

ሰው ሁሉ ያለኝ አንድ ነገር ነው፣ ንቆሃል፣ አለንጋ አሳየው፣ ልጓሙን ጠንከር አርግበት። እኔም አረኩት፣ ይሄን ስናገር ደስ እያለኝ አይደለም፣ አራት ወር ገደማ በተራገጠ ቁጥር እየገረፍኩት፣ በገረፍኩት ቁጥር ደሞ እየባሰበት ከረምን።

አንድ ጎረቤታችን አሉ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በወጣትነታቸው ጉግስ የተጫወቱ። አንድ ቀን ከሜዳ ስመለስ አስቆሙኝና "እስቲ ኮርቻውን አውርደው" አሉኝ። እኔ አፉን የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ኮርቻው ሲነሳ ጀርባው በላብ ርሷል፣ ግን ጋማው ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ መዳፍ የሚያህል ቦታ ድርቅ ብሏል። "አየህ ልጄ፣ እንጨቱ የሚጫነው እዚህ ጋ ነው፣ በጣም የተጫነው ቦታ አያልበውም" አሉና በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያረጉት ቆዳው ተንቀጠቀጠ፣ ዞሮ ሊነክሳቸው ሁሉ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ እዛው ቦታ ላይ ነጭ ፀጉር መብቀል ጀምሯል። ገጣባ፣ የኮርቻ ቁስል፣ አልሆነም ገና፣ ግን ብዙ አልቀረውም ነበር።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል አይደል፣ እኔ ደሞ ዳውላውን ትቼ ፈረሱን ነበር ስመታ የከረምኩት።

ለምን ደንገላሳ ላይ ብቻ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ሶምሶማ ላይ ጀርባው ብዙም አይተጣጠፍም፣ እግሮቹም ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚያርፉት። ደንገላሳ ግን ሶስት ምት ነው፣ የሚጀምረውም በአንድ የኋላ እግር ነው፣ የራሱም የኔም ክብደት ለአፍታ እዛ አንድ እግር ላይ ያርፍና ከዛ ተነስቶ ይገፋል፣ ጀርባው ሲነሳ ትከሻው ሲንቀሳቀስ የኮርቻው ፊት የሚያመው ቦታ ላይ ይቀረቀራል። እንግዲህ ሲያመው ምን ያርግ፣ መናገር አይችል።

የኮርቻው ንጣፍ እንደ ብራና ሳስቶ ነበር፣ አስፈትቼ እንደገና አስሞላሁት። ቦራን አንድ ወር ኮርቻ የሚባል አላስነካሁትም። ከዛ ሽማግሌው እንዳሉኝ በረጅም ገመድ ዙሪያዬን አስሮጥኩት፣ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ኮርቻ ብቻ ጭኜ፣ ሁለቱም ጊዜ ደንገላሳውን አንድም ሳይራገጥ ሄደው፣ እንባዬ ነው የመጣው።

እኔ ስወጣበት ግን ጆሮው ተመልሶ ተኛ። ያኔ ችግሩ እኔ ነበርኩ፣ ከወደቅኩ ወዲህ ፈርቻለሁ፣ በተረከዜ ሂድ እለዋለሁ፣ በእጄ ደሞ ዛቡን፣ የልጓሙን ማሰሪያ፣ ጨምድጄ ቁም እለዋለሁ። አንድ ፍጥረት ሁለቱን ባንዴ እንዴት ይታዘዝ? ሽማግሌው ዳገት ይዘህ ጠይቀው አሉኝ፣ ትንሽ ዳገት ላይ አንገቱን ደፍቶ መራገጥ ስለሚከብደው፣ ጀርባውን ሊያጎብጥ ሲል ደሞ ሁለቱን ዛብ አትጎትት፣ አንዱን ብቻ ስበህ ቀና አርገውና አዙረው፣ እንዳይቆምብህም ወደፊት ንዳው። ትንፋሼን ለቀቅ፣ እጄን ወደፊት ሰጠት አረኩና ጠየቅኩት፣ ሄደ።

እኔን ዛሬም ድረስ የሚቆረቁረኝ ይሄ የሆነው እዚህ አገር መሆኑ ነው። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት አንጎለላ እዚሁ ቅርባችን ነው፣ እሳቸው አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስም ነው ሲጠሩ የነበረው፣ ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ። ፈረስን ስም አርጎ የሚሸከም ሕዝብ መሃል አድጌ ያንን ሁሉ ወር የፈረሴን ጀርባ በመዳፌ አልዳሰስኩም።

ቦራ አሁንም ብርድ ባለበት ጠዋት ትንሽ ያንገራግራል፣ ሰውነቱ እስኪሞቅ ረዘም ላለ ጊዜ በእርምጃ ነው የማስኬደው። ነጩ ፀጉር አልጠፋም።

ትናንት ማታ ወንድሜ ደውሎ የሱም ፈረስ ግልቢያ ሲጀምር እየጣለው እንደሆነ ነገረኝ፣ ቅዳሜ ገበያ አውጥቼ ልሸጠው ነው አለኝ። እስከ ቅዳሜ ቆየኝ ብዬዋለሁ፣ ነገ በጠዋት እሄዳለሁ፣ አስሩጦት ኮርቻውን ሲያነሳ ላቡን እኔ ራሴ ልየው።