ሦስተኛ የወጣው ተውኔት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ ብቻዬን ነኝ። ድምፄን የምቀርጸው ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ሆኜ ነው፤ መስኮቱን ብዘጋውም የታክሲ ረዳቶች ጥሪ አልፎ አልፎ ይሰማችሁ ይሆናል። የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው፦ ቴአትር ቤቶች አዲስ ተውኔት የሚያገኙት እንዴት ነው? የተውኔት ጽሑፍ ውድድርስ ለአዲስ ጸሐፊ ምን ሊያደርግለት ይገባል?

ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያ ተውኔቴን ስጨርስ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጽሑፉን በሦስት ቅጂ አስጠርዤ ለአንድ ቴአትር ቤት አስገባሁ። በመዝገብ ቤት የምትሠራው እህት ቁጥር ሰጠችኝና «ገምጋሚዎቹ ካዩት በኋላ እንጠራሃለን» አለችኝ። አሥራ አራት ወር ጠበቅሁ። በመጨረሻ የተሰጠኝ ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ ሲሆን፣ ድርሰቱ ለመድረክ የሚመጥን ሆኖ እንዳልተገኘ ይገልጻል። የትኛው ገቢር እንደ ላላ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ እንዳልቆመ የሚናገር አንድም ቃል አልነበረበትም። ውድቅ መደረጉ ትክክል እንደነበረ ዛሬ አምናለሁ፤ ሁለተኛው ገቢር በእርግጥ ደካማ ነበር። እስከ አሁን የሚያሳዝነኝ ግን ለመነገር የተጻፈ ነገር አንድም ሰው በድምፅ ሳያነበው ወደ እጄ መመለሱ ነው።

ቴአትር ቤቶቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። በከተማችን አንድ ተውኔት የራሱን ቀን ይዞ በየሳምንቱ ይታያል፤ ተመልካች እስካለው ድረስም ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በዚያው ቀን ይቆያል። ስለዚህ ባዶ ቀን ጥቂት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ስሙ ለማይታወቅ ጸሐፊ አንድ ቀን መስጠት ደግሞ የልምምዱን ጊዜ፣ የመድረኩን ወጪና የትኬቱን ገቢ አብሮ ለዕጣ እንደ መስጠት ነው። ውድድር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ በወረፋው ውስጥ ያልተሰለፈውን ሰው የሚያስገባ ሌላ በር እንዲኖር።

ይህ በር ከቴአትር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በጥንቷ አቴና የግሪኮች የወይን አምላክ ለሆነው ለዲዮኒሶስ በሚከበረው በዓል ተውኔቱን ማሳየት የሚፈልግ ጸሐፊ ሥራውን ይዞ ወደ ከተማዋ ሹም ይቀርብ ነበር። ሹሙ ሦስት የሐዘን ተውኔት ጸሐፊዎችን ይመርጥና ለእያንዳንዳቸው የመዘምራን ጓድ ይሰጣቸዋል። «መዘምራን ተሰጠው» ማለት ተመረጠ ማለት ነበር፤ የጓዱን የልምምድ ወጪ የሚሸፍነውም ከተማዋ የምትመድበው አንድ ባለጸጋ ነው። እኔን የሚገርመኝ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ውድድሩ የሚካሄደው ተውኔቱ ከተሠራ በኋላ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ቢሸነፉም ሦስቱም ታይተዋል። ዩሪፒደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት «ሜዲያ» የተባለውን ተውኔቱን ባቀረበበት ውድድር የወጣው ሦስተኛ፣ ማለትም መጨረሻ ነው። ያ ተውኔት ግን ዛሬም በዓለም መድረኮች ይሠራል። ውድድሩ በወረቀት ብቻ የሚዳኝ ኖሮ፣ መጨረሻ የወጣውን ጽሑፍ ማን ያስታውሰው ነበር?

ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ከሌላኛውም ወገን ስላየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ባዘጋጀው የተውኔት ጽሑፍ ውድድር ከአምስት ዳኞች አንዱ ሆኜ ነበር። የተወዳዳሪዎቹ ስም ተሸፍኖ በቁጥር ብቻ ነበር የደረሰን፤ ይህ በጎ አሠራር ነው፤ በተለይ የቴአትር ሰዎች ሁሉ በሚተዋወቁበት ከተማ። ለጭብጥ፣ ለሤራ፣ ለገጸ ባሕርይ አሣሣል፣ ለቃለ ተውኔት ነጥብ የምንሰጥበት ቅጽ ነበረን። ከጽሑፎቹ መካከል ሁለት እኅትማማቾች የሟች እናታቸውን ዕቃ ሲከፋፈሉ የሚያሳይ አንድ ሥራ ነበር። ሰዎቹ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም፤ አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ታቋርጣለች፣ መሶብ ያነሣሉ፣ መልሰው ያስቀምጡታል። ለቃለ ተውኔት ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት፤ ሌሎቹም ዳኞች እንደዚያው። በድምሩ ሦስተኛ ወጣ።

ውጤቱ ከተገለጸ በኋላ የቴአትር ትምህርት የሚከታተሉ ሁለት ተማሪዎች የአሸናፊዎቹን ሥራዎች ቀንጨብ አድርገው በአዳራሹ አነበቡ። ያ ሦስተኛ የወጣው ሲነበብ አዳራሹ ጸጥ አለ። በወረቀት ላይ ጉድለት የመሰለኝ ያልተጨረሰ ንግግር፣ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ የሐዘን ቤት ንግግር ሆነ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሡ አየሁ። ያን ጊዜ ነጥቡ ጸድቆ፣ የምስክር ወረቀቱ ተሰጥቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን አልቋል። አንደኛ የወጣው ጸሐፊ ገንዘቡን ተቀበለ፤ የእርሱም ተውኔት ቢሆን እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ባዕድ ሊሆን አይገባም ነበር። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ላይ ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው ሰምቶ ያርመዋል፣ የሠመረውን ደግሞ የሰማው ሁሉ «ይበል!» ይለዋል። የሚዳኘው የተነገረው ነው፤ የተበላሸበትም ተማሪ የት ላይ እንደተበላሸበት አውቆ ይመለሳል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ያለፈው መንግሥቱ ለማ ከታላላቅ ጸሐፍተ ተውኔቶቻችን አንዱ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

ከውጭው ዓለም ልምድ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቀው ይበልጥ ይስበኛል። ለንደን የሚገኘው ሮያል ኮርት ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1956 የአዲስ ጸሐፊዎች ቤት ሆኖ ሲነሣ፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ ተውኔት ጠይቆ 750 ያህል ጽሑፎች እንደደረሱትና ከእነዚያ ውስጥ የተመረጠው የጆን ኦዝቦርን ሥራ ብቻ እንደነበር ይነገራል። በዓመቱ ግን ሌላ መንገድ ጀመረ፦ ጽሑፉ በሚገባ ይጠናና በአንድ እሑድ ማታ ያለ ትዕይንት ማስጌጫ፣ በባዶ መድረክ ይታያል። የሚጠይቀው ተዋንያንን፣ አዘጋጅንና የአንድ ማታ መብራትን ብቻ ነው። የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ በዚያው ቤት ቆይቶ ነው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ዛሬ ብሔራዊ የምንለውን መድረክ በኃላፊነት የመራው።

በአሜሪካ የኦኒል ማእከል ጸሐፍተ ተውኔት ከተዋንያን ጋር ተቀምጠው ያልተጠናቀቀ ሥራቸውን የሚፈትሹበት የበጋ ጉባኤ አለው። ጸሐፌ ተውኔቱ ኦገስት ዊልሰን ተደጋጋሚ ማመልከቻው ውድቅ ከሆነበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 ተቀባይነት አገኘ፤ እዚያ የተፈተሸው ተውኔቱም ከሁለት ዓመት በኋላ የኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች ወደሚገኙበት ብሮድዌይ ደረሰ። ማንቸስተር ያለው የብራንትውድ ሽልማት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጽሑፎችን ያለ ስም እየተቀበለ፣ ለአንደኛው የገንዘብ ሽልማት ይሰጣል፤ ከገንዘቡ በላይ ክብደት ያለው ግን ሽልማቱን የሚያዘጋጀው ራሱ ቴአትር ቤት፣ የማንቸስተሩ ሮያል ኤክስቼንጅ፣ መሆኑ ነው። መድረክ የሌለው አካል ውድድር ሲያዘጋጅ አሸናፊው የምስክር ወረቀቱን ይዞ እንደገና ወደዚያው መዝገብ ቤት፣ ወደዚያው ወረፋ ይመለሳል። የእኛ ውድድሮች የሚሰበሩበት ቦታ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ከብሔራዊ ተነሥቼ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል የቸርችልን ዳገት እየወጣሁ፣ በማዘጋጃ ቤት አልፌ ፒያሳ እስከ ሀገር ፍቅር በእግሬ ሄድኩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፣ ብሔራዊው በ1948 ዓ.ም. የተከፈተ፤ ማዘጋጃ ቤቱም የራሱ አዳራሽ አለው። በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ሦስት መድረክ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ በወር አንድ ማታ፣ መጋረጃውን ሳይከፍት እንኳ በልምምድ ክፍሉ ውስጥ፣ ወንበር ደርድሮ አንድ አዲስ ጽሑፍ ቢያስነብብ፣ ጸሐፊው ከኋላ ተቀምጦ ሕዝቡ የት ላይ እንደሳለ፣ የት ላይ ትንፋሹን እንደያዘ ቢሰማ፣ ከብዙ ነጥብ መስጫ ቅጽ የበለጠ ይማርበታል። ለተሸነፈውም ቢያንስ አንድ ገጽ ምክንያት ይጻፍለት። አንድ ዳኛ ሙሉ ተውኔት አንብቦ አንድ ገጽ መጻፍ አይከብደውም፤ እኔ ያን ጊዜ አልጻፍኩም፣ ይህም ይቆጨኛል።

የሁለቱን እኅትማማቾች ተውኔት የጻፈችውን ልጅ ከብዙ ፍለጋ በኋላ በስልክ አገኘኋት። አሁን በአንድ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ተውኔት እንዳልጻፈች ነገረችኝ። ለምን ዝቅተኛ ነጥብ እንደሰጠኋት በግልጽ ነገርኳት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ አልነበርኩም፤ ከሥራ ፈቃድ ከልክለውኝ ሽልማቱን ወንድሜ ነው የተቀበለልኝ» አለችኝ። የራሷን ተውኔት ሲነበብ ሰምታው አታውቅም።

ለፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ይህችኑ የምቀርጽባትን ክፍል አስለቅቄአለሁ። ሁለት ተዋንያት ያለ ክፍያ ለማንበብ ተስማምተዋል፤ ጽሑፉን በአምስት ቅጂ አባዝቻለሁ፤ አንድ መሶብም ከቤት አመጣለሁ። እርሷም ከሥራ በግማሽ ቀን እንደምትወጣና እንደምትመጣ ነግራኛለች።