«ሰበር እንዲህ ብሏል» ሲሉዎት ምን ይጠይቃሉ?

በዚህ ሳምንት ከድሬዳዋና ከሐረር የደወሉልን አድማጮች ስለ ቤት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ባጃጅ ጠየቁ። ዞሮ ዞሮ ግን የአብዛኞቹ ጥያቄ «ሰበር ምን ይላል?» ነበር። ሰበር ሲሉ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትን ማለታቸው ነው። በስርጭቱ ላይ የመለስኩትን፣ ሰዓት ያቋረጠኝንም ጨምሬ እነሆ።

ከሳቢያን የደወሉ እናት፦ «ልጄ፣ ሁለት ክፍል ቤት ከገዛሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ውሉ በሦስት ምስክር ፊት የተጻፈ ነው፤ በፌስታል ጠቅልዬ ሳጥኔ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ሻጩ ዐረፉ። ልጆቻቸው አሁን ‹ውልና ማስረጃ አልተሄደም፣ ቤቱን ይልቀቁ› ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ሰበር ለገዢ ፈርዷል አለኝ። የቱ ነው ልክ?»

እናቴ፣ ሁለቱም የያዙት ግማሹን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይደረግ ይላል። ይህ ምዝገባ የሚያስፈልገው ለሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ወይስ በገዢና በሻጭ መካከልም? ዳኞች ተለያይተውበት ነበር። ሰበር በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ቁርጡን ተናገረ። ካልተመዘገበ በሁለቱ መካከልም አይጸናም አለ። ገንዘቡን ቆጥሮ ለከፈለ ሰው ይህ በጣም ከባድ ነው፤ እኔም እንደዚያ ነው የሚሰማኝ። ኋላ ሰበር ራሱ መለኪያውን አላላው። ሻጭ ውሉን ማድረጉን ካልካደ፣ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን አያፈርሰውም አለ።

ስለዚህ የእርስዎ ጉዳይ የተንጠለጠለው በአንዲት ቃል ላይ ነው። ልጆቹ «አባታችን አልሸጠም» ነው የሚሉት? ወይስ «ሸጧል፣ ግን አልተመዘገበም»? ለፍርድ ቤት በሚያቀርቡት ጽሑፍ ውስጥ ይህችን ቃል ይፈልጉ። ክደው ውሉ ቢፈርስ እንኳ ገንዘብዎ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ እንዲመለስልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ግን የአሥር ዓመት ይርጋ፣ ማለትም መብትን መጠየቂያ የጊዜ ገደብ አለ፣ ዘጠኙ ሄዷል። ነገ ዛሬ ሳይሉ ጠበቃ ያማክሩ።

ከጀጎል የደወለ ወጣት፦ «አቦ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ችሎት የሐረሪን ዳኛ በምን ያዘዋል? ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት አይደል?»

ጥያቄህ ተገቢ ነው ወንድሜ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ የማረም ሥልጣን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ደግሞ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሰጡት የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል አለ። አሁን ያለው አዋጅ 1234/2013ም ይህን አጽንቶታል። የሚያስገድደው ግን የሕጉ ትርጉም ነው። ፍሬ ነገሩ፣ ማለትም የተፈጸመው ነገር ከተለየ ውጤቱም ይለያል። በቴሌግራም አንድ አንቀጽ ተቆርጣ ስትመጣልህ የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቅ፤ ከዚያ ማን ምን አድርጎ እንደተፈረደበት ከመጀመሪያው ገጽ አንብብ። በዚች ነገር ሰው ክርክሩን ሲያጣ ማየት ያሳዝነኛል።

ከመጋላ የደወለች እህት፦ «የሟች እህቴን ልጅ ከሕፃንነቱ አሳድጌዋለሁ። አሁን አሥር ዓመቱ ነው። ጠይቆት የማያውቅ አባቱ መጥቶ ‹ሕጉ ለእኔ ነው› ይላል።»

እህቴ፣ በርቺ። በመዝገብ ቁጥር 23632 የታየው ጉዳይ ከአንቺው ጋር በጣም ይቀራረባል። እዚያም አክስት አሳድጋለች፣ አባት ቆይቶ መጥቷል። የታች ፍርድ ቤቶች አባት በሕይወት ስላለ ልጁ የእሱ ነው አሉ። ሰበር በ2000 ዓ.ም. ሻረው። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ፣ ቀድሞ የሚታየው የልጁ ደኅንነትና ጥቅም ነው አለ። አየሽ፣ «አባቱ ማነው?» የነበረው ጥያቄ «ለልጁ የቱ ይሻለዋል?» ሆነ። ስለዚህ አንቺም «እናቱ እኔ ነኝ» ብለሽ ብቻ አትቅረቢ። የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ሪፖርቱን፣ ማታ ማታ አብሮት የሚያጠና ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቁ ጎረቤቶችን ይዘሽ ሂጂ። ልጁ ራሱም ይጠየቅ ብለሽ አመልክቺ።

ከከዚራ የደወሉ የባጃጅ ባለቤት፦ «ሹፌሬ ሰው ገጨ። እኔ ቤቴ ነበርኩ። እጠየቃለሁ?»

አዎ። እዚህ ላይ ሰበር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ሕጉ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ባያጠፋም ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ካለዎት ዛሬውኑ ያሳውቁ። የተጎዳውንም ሰው ሆስፒታል ሄደው ይጠይቁት።